የዳባት ቆጠራና የጎንደር ካላዛር ማዕከል፦ መንግሥት የሚከፍለውና የማይከፍለው

ሰው ስለ ሆቴል ይጽፋል፣ ስለ ስልክ ይጽፋል፣ ስለ ጥብስ ቤት ይጽፋል። ስለ ጤና ምርምር አገልግሎት ግን ተጠቃሚ ሆኖ አስተያየት የሚጽፍ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የመንግሥት ገንዘብ የሚባለው ከኛው ግብር ነው የሚወጣው፣ የሚንኳኳው በር የኛው ነው፣ ደሙን የሚሰጠውም የኛው ሰው ነው። ስለዚህ እኔ ልጻፍ።

የምሠራው ጎንደር ከተማ ውስጥ በጤና ሙያ ነው። ለማስተርስ ጥናቴም ሆነ ከዚያ በኋላ በሥራዬ ምክንያት ከምርምር ጣቢያዎቹ ጋር ተገናኝቻለሁ። መረጃ ተጠቅሜያለሁ፣ በሽተኛም ልኬያለሁ። የምናገረው በተለይ ስለ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ዳባት ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ ነው። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው የካላዛር በሽታ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ነው። በመሃል ስማቸውን የማልጠራቸው ተቋማትም ይገባሉ። የነሱ ችግር የብዙ ተቋም ችግር ስለሆነ ስም መጥራቱ አይጠቅምም።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። መንግሥት መክፈል ያለበት በጥናትና በጥናት መሃል ለሚቆየው ነገር ነው። ጥናትማ ይመጣል ይሄዳል። ግራንቱ (ለጥናቱ የተሰጠው ገንዘብ) ሲያልቅ ባነሩ ይወርዳል፣ መኪናው ይመለሳል፣ ሪፖርቱ ይታተማል። መዝገቡ፣ ፍሪዘሩ፣ ነርሷና ቤት ለቤት የምትዞረው መረጃ ሰብሳቢ ግን ፕሮጀክት ኖረም አልኖረም እዚያው መገኘት አለባቸው። ዛሬ የሚጎድለን እሱ ነው።

ጎንደር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ተነስታ ወደ 7,000 ሰው እንደፈጀች ይነገራል። በዓመቱ፣ በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ የሕዝብ ጤና ኮሌጁን እዚህ ከፈተ። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ማሠልጠን ተጀመረ። ያ ኮሌጅ ነው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚያወርደው ቲቲፒ የሚባለው አሠራርም ጎንደር የምትታወቅበት ነው። ቆላ ድባ ወርዶ ያልከረመ የጎንደር ተመራቂ ማግኘት የሚከብድበት ጊዜ ነበር። አንድ ወረርሽኝ አንድ ቋሚ ተቋም ወለደ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ወረርሽኝ ጥናት ብቻ ገንዘብ ተመድቦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጠቅሰው ነገር አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ዳባት።

ዳባት ከጎንደር በስተ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደባርቅ መንገድ አምባ ጊዮርጊስንና ገደብዬን አልፎ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ክትትሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሥራው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ የተመረጡ ቀበሌዎችን እያንዳንዱን ቤት መዝግቦ፣ ተመልሶ እየሄደ፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን አገባ ብሎ መጠየቅ ነው። በቃ። ግን ይህን ለዓመታት ሳያቋርጡ መሥራት አገራችን ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ቦታዎች ብቻ የሚችሉት ነገር ነው። ገጠር ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው። የሞት ማስረጃ የሚጽፍ ሐኪም የለም። ይህ ክትትል ባይኖር በዚያ አካባቢ ሰው በምን እንደሚሞት የምናውቀው በግምት ብቻ ነበር።

ከአንዲት መረጃ ሰብሳቢ ጋር ወደ አንድ የገጠር ቤት ሄጄ ሥራዋን አይቻለሁ። ታብሌቷን ከዝናብ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ውሻው እስኪያዝ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። የቤቱ እናት ገብስ ሲያበጥሩ ነበር፤ ሰፌዱን አስቀምጠው መደቡን በነጠላቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉልን።

«እንዴት ከረሙ እማማ? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው?»

«እግዜር ይመስገን። ግቢ የኔ ልጅ፣ ብርዱ ላይ አትቁሚ። የዛሬው ደግሞ ምንድን ነው?»

«የልጅዎ ልጅ ተወልዳለች ሲሉ ሰምቼ ነው። መቼ ተወለደች?»

«እንጃ እቴ፤ ገብሱ ሲታጨድ ነው።»

«ከመስቀል በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነው እንጂ። ክርስትናዋ ከገና ጋር አልነበር የዋለ?»

መረጃ ሰብሳቢዋ ወዲያው ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። ከታኅሣሥ 29 ወደ ኋላ 80 ቀን ሲቆጠር ጥቅምት 9 ግድም ይመጣል። ያንን ይዛ እንደገና ጠየቀች፤ «ለጥቅምት አቦ ወልዳ ነበር ወይስ ገና ነበረች?» እናትየው ትንሽ አሰብ አድርገው «ለአቦማ ገና ነበረች፣ ከዚያ ወዲህ ነው፣ ለሚካኤል ግን አራስ ነበረች» አሉ። የአቦ በዓል በ5፣ የሚካኤል በ12 ነው። በሁለቱ መሃል የት ጋ እንደሆነ በዚያች አጭር ወሬ ተገኘ። ይህን ሙያ በሦስት ቀን ሥልጠና የሚያገኘው ሰው የለም። አካባቢውን ማወቅ ይጠይቃል፣ በዓሉን ማወቅ ይጠይቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውየው ቤት በደህና ጊዜ ገብቶ ማወቅ ይጠይቃል።

ሞት ሲሆን የበለጠ ይከብዳል። ሐዘኑ በረድ እስኪል ይጠበቃል። ከዚያ ሟቹን ያስታመመው ሰው ተፈልጎ ይጠየቃል፤ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ስንት ቀን ሳለ፣ ሳሉ ደም ነበረው ወይ፣ እግሩ አብጦ ነበር ወይ፣ ምግብ መቼ እምቢ አለ። ይህ የተጻፈው ነገር ለሐኪሞች ይሄድና ለየብቻ አንብበው የሞቱን ምክንያት ይሰይማሉ። መጠይቁ ረጅም ነው። የሚመልሰው ሰው መሃል ላይ ያለቅሳል። ጠያቂዋ አንዳንዴ ታብሌቷን አስቀምጣ አብራ ዝም ትላለች። እኔ በሪፖርት ላይ «ሳንባ ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ከመቶኛ ቁጥሩ ጋር ሳነብ፣ ከጀርባው እንዲህ ያለ ከሰዓት እንዳለ አሁን አውቃለሁ።

እንግዲህ ለነዚህ ሠራተኞች ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ቢቻል ስድስት። ለመረጃው ጥራትም አልሰስትም። ረጅም ዓመት የተከማቸ መዝገብ ላይ ተነስቶ ጥናት መሥራት ከባዶ ከመጀመር ጋር አይወዳደርም፤ ናሙና ለማውጣት ቤት መቁጠር አይጠበቅባችሁም፣ ክትትሉ ከተጀመረ ወዲህ የተወለደ ሰው ዕድሜ የተመዘገበው ዛሬ ለናንተ ሲል በገመተው ሳይሆን በተወለደበት ጊዜ ነው።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። እዚህ አገር መረጃ ሰብሳቢ በአጠቃላይ የሚቀጠረው በኮንትራት ነው። አንድ የማውቀው ፕሮጀክት ላይ (ስሙ ይቅር) ክፍያ ዘግይቶ ልጆቹ በዱቤ እየበሉ ሥራ ጨርሰዋል። ጨርሰው ተበተኑ። አንዷ ዛሬ የሞባይል ካርድና ሻይ ትሸጣለች። የሰውን ቤት አድራሻ ከነልጆቹ ስም በቃሏ የምታውቅ፣ የሞት መጠይቅ ሳታስከፋ የምትጠይቅ ልጅ ነበረች። ቀጣዩ ፕሮጀክት ሲመጣ አዲስ ሰው ይቀጠራል፣ አዲስ ሥልጠና ይሰጣል፣ አዲስ አበል ይከፈላል፣ አዲሱ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ቤተሰቡ «ያቺ የድሮዋ ልጅ የት ሄደች?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ብክነት ነው። መንግሥት ለአንድ መረጃ ሰብሳቢ የሚከፍለው ቋሚ ደመወዝ ከአንድ ዎርክሾፕ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ሰላሙም ሌላ ፈተና ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ ገብቶ ሰው ብዙ ግፍ አይቷል። ከዚያ ወዲህም አማራ ክልል አልተረጋጋም፣ መንገድ ይዘጋል ይከፈታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቤት ለቤት መዞር ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የክትትል መዝገብ ደግሞ አንዴ ከተቋረጠ ያመለጠውን ልደትና ሞት ኋላ ላይ ሙሉ በሙሉ መሰብሰብ አይቻልም። ስለዚህ በክፉ ጊዜም ቢሆን ቢያንስ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ ሠራተኛ እዚያው ቀበሌው ውስጥ ደመወዙን እያገኘ እንዲቆይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ካላዛር ማዕከሉን በተመለከተ በጎውን ለመናገር አልቸገርም።

ካላዛርን የማያውቅ ካለ፦ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ነው። ዝንቧ በጣም ትንሽ ናት፣ ሌሊት ትነክሳለች፣ በቆላ የግራር ዛፍና የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ባለበት ትበዛለች። ለሰሊጥ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ሌሊቱን የሚያሳልፈው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። በሽታው ቶሎ አይወጣም። ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ደጋ አገሩ ከገባ ወራት በኋላ ትኩሳት ይጀምረዋል፣ አልለቅ ይለዋል፣ ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ጣፊያው ያድጋል። ካልታከመ ይገድላል። ችግሩ ሲጀምር ወባ መምሰሉ ነው። አንድ ወጣት አውቃለሁ፣ ከቆላ ተመልሶ የሆነ ክሊኒክ የወባ መድኃኒት ደጋግሞ ሲሰጠው ቆይቶ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ሱሪው በገመድ ካልታሰረ የሚወርድ፣ ሆዱ ግን እንደ ከበሮ የተወጠረ ነበር። ወደ ማዕከሉ ላክነው። ዳነ።

የዚህን ነገር ክብደት ለማወቅ የሊቦ ከምከም ወረዳን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። አዲስ ዘመን ከተማ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2003 ግድም ጀምሮ ሰው በማያቋርጥ ትኩሳት ይሞት ነበር። መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ2005 ነው። ደጋ አገር ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። በዚያ መሃል ስንት ቤት ተዘጋ! ከጎንደር ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው። በየጤና ጣቢያው የሚመረምር እጅና መሣሪያ፣ ከየቀበሌው የሞት ወሬ የሚሰበስብ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ያን ያህል ጊዜ አይወስድም ነበር ብዬ አምናለሁ። ምርምር ምን ይሠራልናል ለሚለኝ ሰው ሁሌ የምነግረው ይህንን ነው።

የጎንደሩ ማዕከል ከዲኤንዲአይ ጋር የሚሠራ ነው፤ ይህ ድርጅት ገበያ የማያዋጣቸውን መድኃኒቶች የሚያበለጽግ፣ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ነው። ውጤቱ በታካሚው ገላ ላይ የሚታይ ነው። ድሮ ታካሚው አንዱን መርፌ ብቻ ለ30 ቀን ይወጋ ነበር። ጎንደርና አርባ ምንጭ ከሱዳን፣ ከኬንያና ከኡጋንዳ ጣቢያዎች ጋር በተሳተፉበት ጥናት ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ወደ 17 ቀን ማውረድ እንደሚቻል ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀበለው። ለቀን ሠራተኛ 13 ቀን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አስታማሚው ከእርሻው የሚቀርበት፣ አልጋ የሚያዝበት፣ ምግብ የሚገዛበት 13 ቀን ነው። ከዚያ ደግሞ ኤች አይ ቪ ያለባቸው የካላዛር ታካሚዎች ጉዳይ አለ፤ እነሱ መድኃኒቱን አይቋቋሙትም፣ በሽታውም ተመልሶ ይመጣባቸዋል። ለነሱ የሚሆነው ጥምር ሕክምና የተፈተነው እዚሁ፣ ጎንደርና ቆላው አብደራፊ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው እሱን ነው። ሌላም አለ፤ በቀን ከሚወጉት ሁለት መርፌዎች አንዱን በሚዋጥ መድኃኒት ተክቶ ሕክምናውን ወደ 14 ቀን የሚያወርድ ጥናት ተሠርቶ ከ17 ቀኑ ጋር የሚቀራረብ ውጤት ተገኝቷል። ከጎንደር ሆስፒታል ግቢ የወጣ ነገር የዓለም መመሪያ ላይ ሲገባ ልቤ ይሞላል።

አገልግሎቱም ጥሩ ነው። የካላዛር መድኃኒት በነፃ ነው። ነርሶቹ የታካሚውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ አማርኛ ማለቴ ብቻ አይደለም፣ የቀን ሠራተኛ ኑሮ ይገባቸዋል። የፈቃድ ቅጹን አንብበው ሲያስረዱ «እምቢ ብትልም ሕክምናህን አታጣም» የሚለውን ቦታ ረገጥ አድርገው ይናገሩታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ቦታ ቅጹ የሚፈረመው ሳይነበብ ነው።

ግን ጥያቄዬ እዚህ ይመጣል። ይህን ሁሉ ደግፎ የያዘው ገንዘብ የማን ነው? ሕንፃውና ደመወዙ ላይ መንግሥት አለበት፣ ዩኒቨርሲቲውም የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተለይቷል። ትልልቁ የጥናት ገንዘብ ግን የሚመጣው ከውጭ ነው። ከውጭ የመጣ ገንዘብ ሲሄድ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አየነው። የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ሲያቆም ዲኤችኤስ የሚባለው የሕዝብና የጤና ጥናት ፕሮግራም አብሮ ቆመ። በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ስለ እናቶችና ሕፃናት ሞት ስንጠቅሰው የኖርነው ቁጥር ከዚያ ነው የመጣው። አንድ ውሳኔ ዋሽንግተን ላይ ተወስኖ እኛ የራሳችንን ልጆች የምንቆጥርበት መንገድ ተናጋ። ያስቆጫል።

አሁን ስለ ፍሪዘሩ ላውራ። ስሙን የማልጠራው አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና የሚቀመጥበት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር አለ። መብራት ሲጠፋ ጡሩምባው ይጮኻል። ቴክኒሻኑ ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ ይመጣል። ጄኔሬተር አለ፣ ናፍጣ ግን የለም። ናፍጣ ለመግዛት የግዥ ጥያቄ ይሞላል፣ ፊርማ ይዞራል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣ ማደያው ደግሞ ሰልፍ ነው። በዚያ መሃል ከብዙ ሰው ክንድ የተቀዳ ደም ቀለጠ። እኔም ከዚያ የምጠብቀው ውጤት ነበረኝ። ለጥናቱ የተመደበ ገንዘብ ነበር። ለናፍጣ የተመደበ ግን አልነበረም። የአንድ አገር የምርምር መሠረተ ልማት ማለት ለኔ ያች ናፍጣ ናት፤ የቴክኒሻኑ የሌሊት ክፍያ ናት፣ የማስጠገኛ ዕቃ ናት፣ ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያው ኬሚካል) ሳያልቅ የሚታዘዝበት ሥርዓት ነው።

የበጀት ዘመኑም ከበሽታ ጋር አይገጥምም። በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፣ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ሐምሌና ነሐሴ ገንዘቡ ወርዶ፣ ተደልድሎ፣ ጨረታ ወጥቶ እስኪያልቅ መስከረም ያልፋል። ወባ የሚብሰው ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። መመርመሪያው ሲደርስ ወባው አልፏል። ሰኔ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ያልተጠቀመበትን በጀት ለማራገፍ ይሯሯጣል፤ ካልሆነ ተመላሽ ይሆናል። ፕሪንተር ይገዛል፣ ወንበር ይገዛል። ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሚዘልቅ የምርምር በጀት መፍቀድ ለምን እንደሚከብድ ሊገባኝ አልቻለም። ትንኝ እንደሆነች የኛን የበጀት መዝጊያ አትጠብቅም።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርገዋል ብሎ ማየት ይጠቅማል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2006 ኤንአይኤችአር የሚባል በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር የጤና ምርምር ተቋም አቋቋሙ። ጥናቱን ራሱን ይደግፋል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ክፍሉ ነው፦ በሆስፒታሎች ውስጥ የምርምር ክፍል፣ የምርምር ነርስ፣ የመረጃ ባለሙያ ይዞ ይቆያል። ጥናቱን በጎ አድራጎት ድርጅት ይክፈለው ኩባንያ፣ ነርሷና ክፍሉ እዚያው አሉ። ለትልልቆቹ ማዕከላት ገንዘቡ የሚፈቀደው በአምስት በአምስት ዓመት ነው። በ2009 ደግሞ ለማኅበራዊ እንክብካቤ ምርምር ብቻ የሚሆን «ትምህርት ቤት» የሚሉት የምርምር ተቋም አቋቁመዋል፤ አረጋዊን ማን ይጦራል፣ አካል ጉዳተኛ ቤቱ ውስጥ እንዴት ይኑር የሚለውን እንደ ሕክምና ሁሉ የሚጠና ነገር አድርገውታል። ሀብታም ናቸው እኮ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ሀብታም ናቸው። ግን እኔ የምለው ስለ ገንዘቡ ብዛት አይደለም፣ ስለ አመዳደቡ ነው። ደግሞ ለድሃ አገርም የተነገረ ልክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ባማኮ ላይ የተሰበሰቡ ሚኒስትሮች ከጤና ሚኒስቴር በጀት ቢያንስ 2 በመቶው ለምርምር እንዲውል ጥሪ አድርገዋል። ከዚያች 2 በመቶ ላይ ደግሞ የተወሰነው ለሚቆየው ነገር ተብሎ ቢለይ ብዙ ነገር ይቃና ነበር።

ማኅበራዊ እንክብካቤ ካልኩ ዘንድ፣ እኛ ጋ ጭራሽ የተረሳው እሱ ነው። አዘዞ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። እናቷ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ሥራዋን ትታ ቤት ነው የምትውለው። ጀርባቸው እንዳይቆስል ሌሊት እየተነሳች ታገላብጣቸዋለች። አጥሚቱን በማንኪያ በትንሽ በትንሹ ነው የምታጠጣቸው፣ እንዳያንቃቸው። እድሩ ሰው ሲሞት ድንኳን ይዞ ይመጣል፤ በሕይወት ላለ በሽተኛ የሚመጣ ግን የለም። እናትየው ሆስፒታል በነበሩ ጊዜ በመዝገብ ላይ ነበሩ። ከወጡ በኋላ የትኛውም መዝገብ ላይ የሉም፤ ልጅቷማ መቼም ኖራ አታውቅም።

በዚህ በኩል ጎንደር ጥሩ መነሻ አላት። ዩኒቨርሲቲው የፊዚዮቴራፒ ትምህርት አለው፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራምም ቤት ድረስ ሄዶ አካል ጉዳተኞችን ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር አካል ጉዳተኝነት ላይ ያተኮረ የ10 ዓመት ሥራ ተጀምሯል። አሥር ዓመት ደግሞ ማለቁ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ማን ይይዘዋል? ጥያቄው አሁን ነው መመለስ ያለበት።

እኔ ብጠየቅ የምጨምረው ትንሽ ነገር ነው። የሕዝብ ክትትል ባለበት ቦታ ሁሉ፣ መረጃ ሰብሳቢዋ ቤቱ ውስጥ ገብታ መደብ ላይ ከተቀመጠች ዘንድ፣ ሁለት ጥያቄ ትጨምር፦ በዚህ ቤት ሰው ካልረዳው በቀር መብላት፣ መልበስ ወይም መጸዳዳት የማይችል ሰው አለ? የሚረዳው ማን ነው? በቃ። ለዚህ የተለየ ጥናት አያስፈልግም፣ የተለየ መኪና አያስፈልግም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ስንት ልጅ ከትምህርት የቀረችው አያቷን ለማስታመም እንደሆነ እናውቃለን። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር እንዴት እንደሆነ ተጠንቶ ነው የተስፋፋው። ለቤት ውስጥ እንክብካቤም እንዲሁ ማስረጃ ሲኖር ነው በጀት መጠየቅ የሚቻለው።

ስለዚህ ውጤቴ፦ ለዳባት ሠራተኞችና መዝገብ አምስት፤ ለካላዛር ማዕከሉም አምስት። ለመንግሥት ድጋፉ ሁለት ተኩል፤ ሕንፃውንና ቋሚ ደመወዙን ስለቻለ ሁለት፣ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ብሎ በመለየት አቅጣጫ ስላሳየ ግማሽ። ለማኅበራዊ እንክብካቤ ምርምር አንድ፤ እሱንም በሰዎቹ ትጋት።

ተማሪ ሆናችሁ ዳባት ላይ ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ ከልምዴ ትንሽ ልንገራችሁ። የሥነ ምግባር ፈቃዱን ሳትይዙ ምንም አትጀምሩ። መረጃ ስትጠይቁ «ያለውን ሁሉ ስጡኝ» አትበሉ፤ የትኛውን ዓመት፣ የትኛውን ቀበሌ፣ የትኛውን ጥያቄ እንደምትፈልጉ በአንድ ገጽ ጻፉ፣ ሥራው ይፈጥናል። ስለ መንገዱ ሁኔታ እዚያ ካለ ሰው ጋ ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትውጡ። መነሳት በጠዋት ነው፣ ጃኬት ወይም ጋቢ ያዙ። ከመረጃ ሰብሳቢ ጋር ስትወርዱ ከኋላ ቁሙ፣ እሷ ትናገር። ጥናታችሁ ሲያልቅ ደግሞ ያገኛችሁትን በአማርኛ አንድ ገጽ አድርጋችሁ ለቀበሌውና ለጤና ኬላው ስጡ፤ «ትጠይቁናላችሁ፣ ያገኛችሁትን ግን አትነግሩንም» የሚለው ቅሬታ በየቦታው የምሰማው ነው፣ ሕዝቡም እውነቱን ነው።